አኒሜ በስልክ፣ አኒሜ በሳሎን

አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ የሚወዱ ሰዎች ከተሰባሰቡ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ «በስልክ የታየ አኒሜ እንደታየ አይቆጠርም» ይላል። ሌላው «ስልክ ባይኖር መቼ አይ ነበር?» ብሎ ይመልሳል። የሁለቱም ሐሳብ ይገባኛል። የመጀመሪያው ለሥራው ክብር ስላለው ነው። ሁለተኛው በእጁ ባለው ነገር ብዙ ያየና ብዙ የወደደ ሰው ነው። የሚቆጨኝ ክርክሩ ሁልጊዜ የስክሪን መጠን ላይ መቆሙ ነው። ስልክ ትንሽ ነው፣ ቴሌቪዥን ትልቅ ነው፣ አለቀ ይባላል። እኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል።

እስቲ መጀመሪያ መጠኑን በማስመሪያ እንየው። ስልኬ 6.5 ኢንች ነው። እንደ አብዛኞቹ የዘመኑ ስልኮች ረዘምና ቀጠን ያለ ነው፤ ሲጋደም የስክሪኑ የወርድና የቁመት ምጣኔ 20 ለ9 ነው። የዛሬ አኒሜ የሚሠራው ደግሞ በ16 ለ9 ነው። ስለዚህ ስልኩን ሳጋድመው ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለሥዕሉ የሚተርፈው 12 ሴንቲሜትር ወርድና 7 ሴንቲሜትር የማይሞላ ቁመት ነው። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥናችን 43 ኢንች ነው። ወርዱ 95፣ ቁመቱ 53 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ስፋቱን ካባዛችሁት ቴሌቪዥኑ የስልኩን ሥዕል ከ60 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

ዓይን ግን ስክሪንን ከነርቀቱ ነው የሚያየው። ስልክ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፊታችን አርቀን እንይዛለን። ቴሌቪዥን 2 ሜትር ተኩል ርቀን እናያለን። በዚህ ርቀት ሁለቱ ስክሪኖች ከእይታችን የሚይዙት ድርሻ እኩል ነው ማለት ይቻላል። በእይታ ማዕዘን ሲለካ ሁለቱም 22 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብለን ስልኩን እስከ 15 ሴንቲሜትር ካስጠጋነው ደግሞ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያኔ ትልቁ ስክሪን ስልኩ ነው!

ይህን ሳሰላ ደስ ነው ያለኝ። «ትንሽ ስለሆነ አይታይም» የሚለው ነገር ብቻውን እንደማይቆም ያሳያል። እርግጥ የኮንዶሚኒየም ሳሎን 2 ሜትር ተኩል ርቀት ሁልጊዜ አይፈቅድም። የእኛ ሶፋ ከቴሌቪዥኑ 1 ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው። ከዚያ ሲታይ 35 ዲግሪ ይሆናል፤ ያኔ ልዩነት አለ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ለቴሌቪዥን የሚሠራ አኒሜ ከመነሻውም ለትንሽ ስክሪን የተወለደ ነው። የካርቱን ሠዓሊው ኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ»ን በጃፓን ቴሌቪዥን ማሳየት የጀመረው በጥር 1963 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ነበረበት። ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃም። ስለዚህ የሥዕሉን ቁጥር ቀነሱት። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል። እነሱ ግን አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም እያቆዩት በሰከንድ ስምንት ሥዕል፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ሠሩት። ፊቱ ቆሞ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጁ ቆሞ ከኋላው ያለው ሰማይ ይንሸራተታል። የተቆጠበውን ሁሉ ፊት ላይ አዋሉት። ትልልቅ ዓይኖች፣ ደማቅ መስመር፣ ስክሪኑን የሞላ ፊት። ይህ ሁሉ የዚያ ዘመን ሳሎን ውስጥ በነበረ ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ በደንብ ይነበብ ነበር። ዛሬ ስልክ ላይም በደንብ ይነበባል።

ስለዚህ ከአያት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ኢርፎን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ ክፍል የሚያይ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል። አንድ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የመግቢያውና የመዝጊያው ዘፈን እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳሉ። መንገዱ ከተዘጋጋ አንድ ክፍል በደንብ ያልቃል። ልጁ ከአኒሜው ምንም አልቀነሰም። እንዲህ ያለው ሳምንታዊ አኒሜ በሰው የቀን ውሎ መሐል ገብቶ እንዲታይ ነው የተሠራው።

አንድ ነገር ብቻ ብነግረው ደስ ይለኛል፤ ሥዕሉን በሁለት ጣት ለጥጦ ስክሪኑን ባይሞላው። ጥቁሩ ቦታ ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን 16 ለ9 የሆነውን ሥዕል ለጥጣችሁ 20 ለ9 ስክሪን ላይ ስትሞሉት ከቁመቱ አምስተኛው ይቆረጣል። የቆዩ አኒሜዎች ላይ ይብሳል። «ናሩቶ» ከ2002 እስከ 2007 የተላለፈው የመጀመሪያው ተከታታይ በአሮጌው የቴሌቪዥን ምጣኔ፣ በ4 ለ3 ነው የተሠራው። እሱን ስልክ ላይ ለጥጦ መሙላት ማለት ከቁመቱ 40 በመቶ መጣል ማለት ነው። የግንባር ማሰሪያቸው ይሄዳል፣ ጸጉራቸው ይሄዳል፣ ሰብታይትሉም አብሮ ይሄዳል። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ሥዕል የት እንደሚያቆመው አስቦበታል። ጥቁሩን ቦታ እንዳለ ብንተወው እናተርፋለን።

ስልክ ከቴሌቪዥን የሚበልጥበትም ቦታ አለ፤ ይህ ብዙ አይነገርለትም። «ኤ ሳይለንት ቮይስ»ን እንውሰድ። በ2016 ኪዮቶ አኒሜሽን የሠራው፣ ናኦኮ ያማዳ ያዘጋጀችው ፊልም ነው። ታሪኩ መስማት ስለማትችል ሾኮ ስለምትባል ልጅና ልጆች ሆነው ሲያስቸግራት ስለነበረ ልጅ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ኬንሱኬ ኡሺዮ ማይክራፎኖችን ፒያኖው ሆድ ውስጥ አስገብቶ ነው የቀዳው። ስለዚህ ከዜማው ጋር የእንጨቱ መንቋቋት፣ የመዶሻዎቹ መነካካት፣ የጨርቁ መታሸት አብሮ ይሰማል። ሙዚቃው በጆሮ ከመሰማቱ በፊት በእጅ የሚነካ ነገር ሆኖ ይመጣል። መስማት ስለማትችል ልጅ በሚተርክ ፊልም ውስጥ ይህን ማሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ድምፅ በእኛ ቴሌቪዥን ስፒከር አይሰማም። ቀጭን ቴሌቪዥን ስፒከሩ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ዞሮ ነው የሚገጠመው። ዜማው ይመጣል፣ እንጨቱ አይመጣም። ርካሽ ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ስትሰኩ ግን ሁሉም አለ። ይህን ፊልም በስልክና በኢርፎን አይታችሁ ከሆነ «በደንብ አላየሁትም» አትበሉ። ምናልባት ሲኒማ ቤት ካየው ሰው ቀጥሎ በደንብ የሰማችሁት እናንተ ናችሁ።

የምልክት ቋንቋው ላይ ግን ስልክ ያስቸግራል። ሾኮ በእጆቿ ስትናገር ብዙ ቦታ ላይ ሰብታይትል የለም። እጆቿን ማየት ያስፈልጋል። ታክሲ ውስጥ፣ የመስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እያረፈ፣ ስልኩ በእጅ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጣቶች ማንበብ ከባድ ነው። ያን ፊልም ከእንቅስቃሴ ውጭ ሆናችሁ፣ ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ እዩት።

ሌላም አለ። ማኮቶ ሺንካይ በ2002 «ቮይስስ ኦፍ ኤ ዲስታንት ስታር» የሚባል 25 ደቂቃ ገደማ የሚሆን አኒሜ አወጣ። አብዛኛውን ሥራ ቤቱ ሆኖ፣ በግል ኮምፒውተሩ ብቻውን ነው የሠራው። ታሪኩ አንዲት ልጅ ወደ ሩቅ ጠፈር ለውጊያ ሄዳ ምድር ላይ ለቀረው ጓደኛዋ በሞባይል መልእክት ስለመላኳ ነው። እየራቀች ስትሄድ መልእክቱ የሚደርስበት ጊዜ ይረዝማል። ቀናት፣ ወራት፣ በመጨረሻም ከስምንት ዓመት በላይ። ይህን በስልክ ሳየው ነገሩ በጣም ቀረበኝ። የምትጽፍበት ዕቃና የማይበት ዕቃ አንድ ዓይነት ነው። በውጭ አገር ሰው ላለው ሁሉ ደግሞ ታሪኩ የራሱ ነው። አክስቴ ኩዌት በነበረችባቸው ዓመታት እቤታችን አንድ ስልክ ሁልጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይቀመጥ ነበር። መቼ እንደምትደውል አይታወቅም ነበርና።

ስልክ የሚወስድብን ነገር ምን እንደሆነ አሁን ልናገር። ፍጥነቱን በእጃችን ላይ ማስቀመጡ ነው።

«ስፒሪትድ አዌይ» ውስጥ አንድ የባቡር ጉዞ አለ። ሃያኦ ሚያዛኪ በ2001 ያወጣው፣ በ2003 ኦስካር ያገኘው ፊልም ነው። ቺሂሮ የምትባለው ልጅ በውሃ በተሸፈነ ሐዲድ ላይ በባቡር ትሄዳለች። አብረዋት የተሳፈሩት እንደ ጥላ ያሉ ሰዎች ናቸው። ማንም አይናገርም። ጣቢያ ያልፋል። ቤት ያልፋል። ይመሻል። ለደቂቃዎች ምንም «አይሆንም»። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ቺሂሮ እስከዚያ ድረስ ስትሮጥ፣ ስትታዘዝ፣ ስትፈራ ነው የቆየችው። እዚህ ጋ የሚያዛት ሰው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ወስና የምትሄድበት መንገድ ነው፤ ዝም ብላ ተቀምጣ ትሄዳለች።

ስልክ ላይ ይህ ትዕይንት አደጋ ላይ ነው። አውራ ጣት ስክሪኑ አጠገብ ናት። ሁለቴ መታ ካደረጋችሁ 10 ሰከንድ ይዘላል። ፍጥነቱን በአንድ ተኩል ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ልጆች እንደዚያ እንደሚያዩ አውቃለሁ። ከላይ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ይላል። ፊልሙ ዝም ሲል እጅ ሥራ ይፈልጋል። ዝምታው የፊልሙ ትንፋሽ መሆኑ ቀርቶ ክፍት ቦታ ይመስላል። ቴሌቪዥን ላይ ሪሞቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ሶፋው ትራስ ሥር ገብቶ ጠፍቷል። ፊልሙ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። እኛ ነን የምንከተለው። ከአንድ በላይ ሰው ከተቀመጠ ደግሞ ማንም ሰው ብቻውን ተነስቶ «ይህን እንዝለለው» አይልም። የሰው መኖር ፊልሙን ይጠብቀዋል።

ከመጠን ይልቅ ይህ ነው ለእኔ ልዩነቱ። ስልክ የአንድ ሰው ስክሪን ነው። ሳሎን ያለው ግን በሩን ከፍቶ ለገባ ሁሉ ነው።

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ጎረቤታችን ቤት ስፔስቱን የሚባለው የዓረብ የልጆች ጣቢያ ይገባል። ንፋስ ዲሹን ባንቀሳቀሰው ቁጥር አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ ይወጣና «መጣ? መጣ?» ይላል። እኛ ከታች «ትንሽ ወደ ቀኝ!» እንላለን። የምናየው «ካፒቴን ማጂድ» ነበር። ጃፓኖቹ «ካፒቴን ጹባሳ» የሚሉት የእግር ኳስ አኒሜ ነው፤ ዓረብኛው ላይ ልጁ ማጂድ ሆኗል። ሜዳው ማለቂያ የለውም። አንድ ልጅ ኳስ ይዞ መሮጥ ከጀመረ ጎሉ ጋ ለመድረስ ያለፈ ታሪኩን በሙሉ ያስታውሳል። ከመሐላችን ዓረብኛ የሚችል አልነበረም። ንግግሩን ራሳችን እየፈጠርን እንሞላው ነበር። በዚህ ምክንያት ጠብም ነበር።

ያ ቴሌቪዥን 21 ኢንች ነበር። ምንጣፍ ላይ ተደርድረን 2 ሜትር ያህል ርቀን ነው የምናየው። በማስመሪያዬ ስለካው 12 ዲግሪ ብቻ ነው። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ከያዝኩት ስልክ በግማሽ ያነሰ ማለት ነው። ግን ስለ አኒሜ ትልቅነት ሳስብ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። አጠገቤ ያለው ልጅ ሲጮህ እጮሃለሁ። ጎሉ ሳይገባ «ይቀጥላል» ሲል የሁላችንም ኡኡታ ጣሪያ ላይ ያለውን ልጅ ያስደነግጠዋል።

ስፒሪትድ አዌይን መጀመሪያ ያየሁት በስልክ ነው፤ ከቴሌግራም አውርጄ። በጣም ወደድኩት፤ ደግሜም አየሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽ ወንድሜ በፍላሽ ገልብጦ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። አክስቴ ቡና ልታፈላ ሳሎን ገባች።

«አሁንም ካርቱን ነው እንዴ የምታዩት?» አለች።

«ነይ አክስትዬ፣ ተቀመጪ። ይሄኛውን ትወጂዋለሽ» አልኳት። ከሰሏን እያራገበች በአንድ ዓይኗ ማየት ጀመረች። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ጮክ ብዬ በአማርኛ እነግራታለሁ።

የቺሂሮ ወላጆች ባለቤት የሌለበት ምግብ ቤት ገብተው፣ ማንም ሳይጋብዛቸው መብላት ሲጀምሩ አክስቴ ማራገቢያውን አቆመች። «ኧረ! ባለቤቱን ሳይጠይቁ?» አለች። ወዲያው ወደ አሳማ ሲቀየሩ አልደነቃትም። የሚገባቸውን እንዳገኙ ነው የተሰማት። እኔ ስልክ ላይ ሳየው ይህ ክፍል የሚያስፈራ ነበር። ለእሷ ግን ነውሩ ከፍርሃቱ ቀድሞ መጣባት። የፊልሙን ሐሳብ ከእኔ ቀድማ አገኘችው።

ከዚያ ቺሂሮ ሥራ ለመለመን መናፍስት የሚታጠቡበት ትልቅ መታጠቢያ ቤት ባለቤት ወደሆነችው ወደ ዩባባ ትሄዳለች። ዩባባ ውል ታስፈርማታለች። ልጅቷ ስሟን ጽፋ ስትሰጣት ፊደሎቹ ከወረቀቱ ላይ እየተነሱ ወደ አሮጊቷ እጅ ይበራሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሴን ነው» ትላታለች። ይህን ስተረጉምላት አክስቴ ዝም አለች። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ወንድሜ ነው ያነሳው።

«እኛንም እንዲህ ነው ያደረጉን» አለች በኋላ።

ወደ ኩዌት ስትሄድ ፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ደላላው የመረጠላት ስም ነበር። እዚያ ቤት በነበረችባቸው ዓመታት እናትና አባቷ ባወጡላት ስም የጠራት ሰው አልነበረም። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ነግራን አታውቅም። ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ብዙ የኢትዮጵያ ሴቶች ይህን ያውቁታል። በሌላ ስም፣ በሌላ ዕድሜ፣ አንዳንዴም በሌላ ሃይማኖት ስም ሄደዋል። እኔም ነገሩን በወሬ እሰማው ነበር። ግን ፊልሙን ደጋግሜ በስልክ ሳየው አንድም ቀን ከአክስቴ ጋር አልተያያዘልኝም። በስልክ የማየው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የማያይዘውም የማውቀውን ብቻ ነበር።

ሃኩ የሚባለው ልጅ ቺሂሮን ያስጠነቅቃታል፤ «ስምሽን ከረሳሽ ወደ ቤትሽ መመለሻ የለሽም» ይላታል። ይህን ስተረጉም አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «እውነቱን ነው። ማታ ማታ በልቤ ስሜን እጠራው ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ፊልሙን የምታየው በሁለት ዓይኗ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ቀረ። ሦስተኛውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የባቡሩ ጉዞ ሲመጣ እንዳይሰለቻት ፈርቼ ነበር። ምንም አልተናገረችም። አልቆ ባቡሩ ሲቆም «የት ልትወርድ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

እዚያው ጋ መብራት ሄደ።

በዚህ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። ወንድሜ ስልኩን አወጣና ፊልሙን እሱ ላይ ከፈተው። ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው። ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን። ስሌት የምትወዱ ከሆነ፣ ከ70 ሴንቲሜትር ላይ 12 ሴንቲሜትር ሥዕል 10 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ከእነዚህ ሁሉ ስክሪኖች ትንሹ እሱ ነበር። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ ታያለች። ቺሂሮ የሃኩን እውነተኛ ስም ስታስታውስለት፣ የተረሳው የወንዝ ስም ሲመለስለት፣ አክስቴ እጄን ያዘችኝ። ስልክ ላይ ነበር ያየነው። ግን ያን ጊዜ ስልክነቱ ቀርቶ ነበር፤ ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ወዲህ አኒሜን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በየሳምንቱ የሚወጡትን፣ ለፊትና ለንግግር የተሠሩትን በስልክ አያለሁ። ሰው ሊያስገቡ የሚችሉትን፣ ሳሎን ውስጥ ጥያቄ የሚያስነሱትን ለቅዳሜ አስቀምጣለሁ። በጣም ዝርዝር የበዛባቸውንም እንዲሁ። ለምሳሌ የካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ»ን። በ1988 ለወጣው ለዚህ ፊልም ከ160 ሺህ በላይ ሥዕሎች እንደተጠቀሙ ይነገራል። የሌሊቱ ከተማ መስኮት በመስኮት የተሳለ ነው። ያኔ ከሶፋው የሚገኘው 35 ዲግሪ ይጠቅማል፤ ዓይን ከሰብታይትሉ ተላቅቆ ይንከራተታል። «ማይ ኔበር ቶቶሮ» ላይ ካዙኦ ኦጋ የሳላቸው ዛፎችና የእርሻ መንገዶችም እንደዚያው ናቸው። ስልክ ላይ ልጆቹን እናያለን። ከሶፋ ላይ ሣሩንም እናያለን።

ትልቁ ስክሪን ግን ዝግጅት ይፈልጋል። ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኔ ብዙ ለውጥ አምጥተዋል።

አንደኛው የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ነው። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ነገር በርቶ ነው የሚመጡት። በሁለት ፍሬም መሐል የሌለ ፍሬም ፈጥሮ ያስገባል። ለኳስ ጨዋታ ደስ ይላል። አኒሜን ግን ያበላሸዋል። ሠዓሊው አንዱን ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ያቆየው አውቆ ነው። ቡጢው የሚከብደው፣ ሩጫው የሚቆራረጠው በዚያ ነው። ቴሌቪዥኑ መሐሉን ሲሞላው መስመሮቹ እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ፤ ክብደቱ ይጠፋል። የሥዕል ሴቲንግ ውስጥ ግቡና «ሞሽን» የሚል ነገር ካለ አጥፉት።

ሁለተኛው ፋይሉ ነው። ዳታ ለመቆጠብ በ480 ጥራት እናወርዳለን። አንድ ክፍል 100 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ስልክ ላይ ችግር የለውም። ከሶፋ ሲታይ ግን ጨለማው ያጋልጠዋል። አኒሜ ሰፊ፣ አንድ ወጥ ቀለም ይወዳል። የሌሊት ሰማይ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ፋይሉ ሲጨመቅ ያ ቀስታ ይጠፋና ሰማዩ በግልጽ ክቦች ይከፋፈላል። ስለዚህ ለሳሎን የምፈልገውን ፊልም በ1080 አወርዳለሁ። ሌሊት የሚሠራ ርካሽ ፓኬጅ ገዝቼ እያደረ ይወርዳል።

ታናናሽ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የ«ፖኬሞን» ክፍል ሲተላለፍ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በጣም በፍጥነት እየተፈራረቀ ብልጭ አለ። ከ600 በላይ ልጆች ሆስፒታል ተወሰዱ። ዝግጅቱ ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የጃፓን ጣቢያዎች ብልጭታን የሚገድብ መመሪያ አላቸው። ብዙ አኒሜዎችም መጀመሪያቸው ላይ «ክፍሉን አብርታችሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብላችሁ እዩ» የሚል ጽሑፍ ያሳያሉ። ያ ጽሑፍ የተጻፈው ለቴሌቪዥን ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ፣ በጨለማ፣ ስልክ 15 ሴንቲሜትር ላይ ይዞ ለሚያይ ልጅ ግን ይበልጥ ይሠራል። የብርሃኑ ብልጭታ ይበልጥ የሚጎዳው የእይታችንን ሰፊ ቦታ ሲይዝ ነው። ወንድሜን መብራቱን ሳያበራ እንዳያይ ከልክዬዋለሁ። ሲነጫነጭ ይህንኑ አስረዳሁት፤ አሁን ራሱ ተነስቶ ያበራል።

አክስቴ «የዚያ ሰውዬ ሌላ የለም?» እያለች ነው። ሚያዛኪን ማለቷ ነው። በ1989 የወጣውን «ኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ»ን መርጬላታለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ከእናት አባቷ ቤት ወጥታ፣ በማታውቀው ከተማ ዕቃ እያደረሰች ራሷን ስለምታስተዳድር ልጅ ነው። አክስቴም ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ከዚያ ብዙም አትበልጥም ነበር። በ1080 ወርዷል፣ ፍላሹ ላይ ተገልብጧል። በዚህኛው ቅዳሜ እናቴም ከሥራ ቀደም ብላ እገባለሁ ብላለች። ስለዚህ ጮክ ብዬ መተርጎም አለብኝ፤ እናቴ በቀኝ ጆሮዋ ብዙም አትሰማም፣ የምትወደው ደግሞ የሶፋው ግራ ጫፍ ነው።